ለልጄ አቤት ያልኩበት ጾም

ልጄ ባለ ሸራ ጀልባ አለቻት። ይህን ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ስነግራቸው ሀብታም የሆነች ይመስላቸዋል። ጀልባዋ ግን ትንሽ ናት፤ ዕድሜዋም ከልጄ ይበልጣል። ሁለት ሰው ይቀመጥባትና ከአትላንታ በስተሰሜን ባለው ትልቅ ሐይቅ ላይ ይወዳደርባታል። በውድድር ጊዜ ሞተር ማስነሳት አይፈቀድም። ያለው ነፋስ ብቻ ነው፤ ነፋስ ደግሞ የእግዚአብሔር ነው።

ልጄ መሐንዲስ ናት። እዚህ አድጋ፣ እዚህ ተምራ፣ ሎረንስቪል ከተማ ከእኔ ጋር ትኖራለች። አባቷ ካረፈ ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። የጀልባን ነገር የጀመረችው ከትምህርት ቤት ጓደኛዋ ጋር ነው። ጓደኛዋ ከፊት ተቀምጣ ገመድ ትስባለች፤ ልጄ ከኋላ መሪውን ትይዛለች። ሲገናኙ የሚያወሩት ስለ ነፋስ ነው። ባል ስለማግባት እንዲያወሩ ብጸልይም ወሬያቸው ነፋስ ነበር።

ባለፈው መኸር አንድ ቀን ልጄ ፀጉሯ እንደረጠበ ቤት ገባች። በትልቁ ሸራ ሥር አንድ ረጅም ዘንግ አለ። ጀልባዋ ስትዞር ዘንጉ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይወረወራል፤ ሰው አንገቱን ካልደፋ ይመታዋል። ያን ቀን ልጄ “ሬዲ?” ብላ ጠየቀች፤ መልሱን ሳትሰማ ግን ዞረች። ጓደኛዋ አልተዘጋጀችም ነበር። ገመዱ ተይዞ ቀረ፣ ጀልባዋ ተንገዳገደች፣ ዘንጉም ልጄን ትከሻዋን መትቶ ከውኃው ጣላት። ጓደኛዋ ጀልባዋን አዙራ እስክትደርስላት ድረስ በዚያ ብርድ ብቻዋን ቆየች። የነገረችኝ ይህን ያህል ነው። የቀረውን አልጠየቅኋትም።

ከዚያ ወዲህ መሪ አልያዘችም። የብርዱ ወራት አለፈ። በጾሙ መግቢያ ላይ አንድ ሰው ጀልባዋን ሊገዛ መጥቶ አያት፤ ወደዳትም። ልጄ ማታ እራት ላይ እንዲህ አለችኝ፦

“እማ፣ ስፕሪንግ ሲሪሱን እሞክራለሁ። አራት ሰንደይ ውድድር ነው። አራቱንም ከጨረስኩ እቀጥላለሁ። አንዷን እንኳ ፈርቼ ካቋረጥኩ፣ ዛትስ ኢት፣ ለሰውዬው እሸጥለታለሁ።”

“ማሸነፍ አለብሽ?”

“ኖ። መጨረስ ብቻ።”

እኔ ውኃ እፈራለሁ። ትሸጥ ብል ማንም አይፈርድብኝም ነበር። ነገር ግን ልጄ ከሐይቁ ስትመለስ ምን ዓይነት ሰው እንደምትሆን አውቃለሁ። ያቺ ልጅ ከቤታችን ከጠፋች ወራት ሆኗት ነበር። ስለዚህ እንድትጨርስ መጸለይ ጀመርኩ።

በሳምንቱ ጓደኛዋ ደወለች። አርግዛለች። ልጄ በስልኩ ውስጥ በደስታ ጮኸችላት፤ ስልኩን ስትዘጋ ግን ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ሐኪሟ ጀልባ ከልክሏታል። ልጄ የምታውቀውን ሰው ሁሉ ጠየቀች። ለአራት እሑድ የሚቀመጥላት አልተገኘም።

እኔ ምስር እየለቀምኩ ነበር። “እኔስ?” አልኳት።

“አንቺ ምን?”

“እኔ ልቀመጥልሽ።”

ሳቀች። “እማዬ፣ አንቺ እኮ ሻወር ስትገቢ እንኳ ታማትቢያለሽ።”

“አማትቤ እገባለሁ። ሥራው ምንድን ነው?”

“ገመድ መሳብ። ሳቢ ስልሽ መሳብ፣ ልቀቂ ስልሽ መልቀቅ።”

የምሠራው ሆስፒታል፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። እርጥብ አንሶላ ስጎትት ነው የምውለው። ክንዴን አሳየኋት። ልጄ ክንዴን ጨበጥ አድርጋ “ኦኬ፣ ዋው” አለች፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

ለንስሐ አባቴ መንገር ነበረብኝ። ቤተ ክርስቲያናችን ስኮትዴል አጠገብ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ጠብቄ ቀረብኳቸው።

“አባ፣ እሑድ ከሰዓት ከልጄ ጋር ውድድር ልሄድ ነበር።”

“የምን ውድድር?”

“የጀልባ።”

ቀና ብለው አዩኝ። “ቅዳሴ ታስቀድሺያለሽ?”

“አስቀድሳለሁ አባ።”

“ዋና ትችያለሽ?”

“አልችልም።”

“እንግዲያው ደረት ላይ የሚታሰረውን ጃኬት አጥብቀሽ እሰሪ” አሉና መስቀል አሳለሙኝ።

የመጀመሪያው ውድድር የዋለው በመጻጉዕ ነው። ከቅዳሴ ስወጣ ልጄ መኪናውን አስነስታ ትጠብቀኛለች። ነጠላዬን አጥፌ ከኋላ አስቀመጥኩ፤ ከቀሚሴ ሥር ሱሪ አድርጌ ነበር። ጥቅልል እንጀራ ይዤ መንገድ ላይ መብላት ጀመርኩ።

“እማ፣ ወንበሩ።”

“አላፈስም።”

“ሁልጊዜ አላፈስም ትያለሽ።”

ሐይቁ ዳር ቀይ አፈር ነው፤ ዙሪያው ጥድ። በዚያ ወቅት የጥዱ ብናኝ መኪናውንም፣ ጀልባውንም፣ ውኃውንም ቢጫ ያደርገዋል። ልጄ የጀልባዋን ወለል በጨርቅ ጠርጋ አስቀመጠችኝ። የጀልባ ነገር ሁሉ በእንግሊዝኛ የየራሱ ስም አለው፤ ገመድ እንኳ ገመድ አይባልም። ሦስት አራቱን ነግራኝ ፊቴን አየችና ተወችው።

“ፎርጌት ኢት። ገመድ ገመድ ነው። አንድ ነገር ብቻ ያዢልኝ። ልዞር ስል ‘ሬዲ?’ እልሻለሁ። ካልመለሽልኝ አልዞርም። ኔቨር። ገባሽ?”

“ገባኝ።”

የመነሻው ጥሩምባ ተነፋ። ሸራዎቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አዘነበሉ። ጀልባ ነፋስን ፊት ለፊት መሄድ አይችልም፤ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ እያለ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ መዞር አለ። እኔ አማተብኩ። ሳማትብ ገመዱ ከእጄ አመለጠ። “እማ፣ ገመዱ!” አለች። ያዝኩት። ከዚያ በኋላ በልቤ ብቻ አማተብኩ።

“ሬዲ?” አለችኝ።

መለስኩላት። ጀልባዋ መዞር ጀመረች፤ ወዲያው ልጄ መሪውን መለሰችው። ሸራው እንደ ተሰጣ አንሶላ ይርገበገብ ጀመር። ነፋሱ ፊት ለፊት ያዘንና ቀጥ ብለን ቆምን። ሌሎቹ አለፉን። እንደገና ተነሣን። “ሬዲ?” መለስኩ። እንደገና ጀመረች፣ እንደገና ተወችው። እንዲህ እያልን ዋልን። ከሁሉ በኋላ ደረስን፤ ዳኞቹ ጀልባቸውን ሊያስነሡ ሲሉ ነው ጥሩምባ የነፉልን። ቢሆንም ጨርሰናል። ልጄ ዳር ስንወጣ ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ነበር።

ከእኛ ጎን ጀልባቸውን የሚያስሩ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ሁለቱም ሽማግሌዎች። መሪ የምትይዘው ሚስትየዋ ናት፤ ገመድ የሚስበው ባልየው ነው። እሱ እኔን “ማም” ይለኛል። “እማ” እንደ ማለት መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ እዚህ አገር ለማንኛዋም ሴት የሚባል መሆኑን ልጄ ቆይታ ነው የነገረችኝ። ሽማግሌው ወደ ልጄ ጠጋ ብሎ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቃት። ልጄ ወደ እኔ ዞረች።

“ደህና ናት ወይ ይላል። አጠገባችን ሲያልፉ፣ ልዞር ባልኩ ቁጥር ስትደነግጪ ሰምቶሻል። እኔም ሰምቼሻለሁ። እማ፣ ካስፈራሽ ንገሪኝ፣ ኢትስ ኦኬ።”

“መቼ ደነገጥኩ?”

“ሬዲ ስልሽ። እንዲህ ስትዪ።” ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች።

“እሱማ አዎ ነው” አልኳት።

ቆማ አየችኝ። ደግሜ ትንፋሼን ሳብ አድርጌ አሳየኋት። አዎ ለማለት አፌን ከፍቼ የማላውቅ መሆኔን እኔም ያን ጊዜ ነው የተረዳሁት። እናቴም እንዲሁ ነበረች፤ እኅቶቼም እንዲሁ ናቸው። አገራችን አንድ ሰው ሲያወራ ሌላው ትንፋሹን እየሳበ “አዎ፣ አዎ” ይለዋል፤ ማንም ደነገጠ አይለውም።

ልጄ ጀልባ የሚታሰርበት እንጨት ላይ ቁጭ ብላ እስክታለቅስ ሳቀች። “ኦ ማይ ጋድ። ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው የኖርኩት እኮ ነው። ቤት ሲሆን አዎ መሆኑን አውቃለሁ። ውኃው ላይ ግን ዘንጉን አይተሽ የደነገጥሽ መሰለኝ።”

“አዎ ነበር የምልሽ።”

“ቀኑን ሙሉ?”

ትንፋሼን ሳብ አደረግሁ። እንደገና መሳቅ ጀመረች። ለሽማግሌውና ለሚስቱ ስትነግራቸው እነሱም ሳቁ። እሱ ትንፋሹን ወደ ውስጥ እየሳበ ሞከረው፤ ሳል አስያዘው።

በደብረ ዘይት ነፋስ አልነበረም። ጀልባዎቹ ሁሉ በቢጫው ውኃ ላይ ተበታትነው ቆሙ። ልጄ ጊዜው የልምምድ ነው አለች።

“በይ፣ ሬዲ?”

“አዎ።”

“አይሰማም። ያህ በዪ።”

“ያህ።”

“ለማን ነው የምትነግሪው፣ ለገመዱ? ጮክ በዪ።”

ጮክ ማለት አልለመድኩም። በሰው ፊት ድምፄን ከፍ ሳላደርግ ነው ያደግሁት። “እሺ” ብዬ ሞከርኩ፤ ልጄ ጀልባዋን የሚነካው ውኃ ድምፅ መስሏት ዝም አለች። ሽማግሌዎቹ በአጠገባችን እየተንሳፈፉ ሳንድዊች እንወርውርላችሁ አሉ። ልጄ ጾም መሆኑን አስረዳቻቸው። “ቺዝስ?” አለ ሽማግሌው። ቺዝም አይቻልም። “ዕንቁላልስ?” እሱም አይቻልም። ሚስቱ አዝና አየችኝ። ከዚያ ሽማግሌው ከእግሩ ሥር ጎንበስ ብሎ አንድ ከረጢት ቅቅል ኦቾሎኒ አወጣና በመቅዘፊያ አቀበለን። ገና ትኩስ ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩት። በመጨረሻ ትንሽ ነፋስ መጣችና ሁላችንንም ገፍታ አስገባችን። ሁለተኛውም አለቀ።

ሦስተኛው በገብር ኄር ዋለ። ጠዋት አባ የሰበኩት ስለዚያ በጥቂቱ ስለ ታመነው አገልጋይ ነበር። ጌታው ሲመጣ ተዘጋጅቶ የቆየ ነው፤ ሌላ ብልሃት አልነበረውም አሉ። መኪና ውስጥ ይህን እያሰብኩ ሄድኩ።

ነፋሱ ጠንክሯል። “ሬዲ?” ስትለኝ “አዎ” አልኩ፤ አልሰማችም። “እሺ” አልኩ፤ አልሰማችም። ከጎን ወደ እኛ የምትመጣ ሌላ ጀልባ ነበረች፤ መዞር አለብን። ልጄ ቁጣ ባለበት ድምፅ “እማ!” ብላ ጠራችኝ።

“አቤት!” አልኩ።

ሳላስበው ነው የወጣኝ። ከሆዴ ነው የወጣው፤ ነፋሱን አልፎ ሄደ። ልጄ ወዲያው ዞረች። እኔ አንዱን ገመድ ለቀቅሁ፣ ሌላውን ሳብኩ፣ ዘንጉ ከራሳችን በላይ አለፈ፣ ጀልባዋም በአዲሱ ጎን ተደግፋ መሮጥ ጀመረች። እንዲያ ዞረን አናውቅም ነበር።

መሪውን ካስተካከለች በኋላ “እማ፣ ምን አልሽኝ?” አለች።

“አቤት አልኩሽ።”

“አቤት እኮ ልጅ ነው ለእናቱ የሚለው። ራስሽ ነሽ ያስተማርሽኝ።”

እውነቷን ነው። ትንሽ ሆና ስጠራት “ዋት?” ትለኝ ነበር። “አቤት” እስክትል ድረስ አልመልስላትም ነበር። አንዳንዴ ከክፍል ክፍል እየተጠራራን ረጅም ጊዜ እንቆያለን፤ ግትር ነበረች።

“እዚህ መሪውን የያዘው ማን ነው?” አልኳት።

“እኔ።”

“እንግዲያው ስትጠሪኝ አቤት እላለሁ።”

“ይደብራል እማ። ለእኔ አቤት አትበዪ።”

“ሲሰማሽ ነው ወይስ ሳይሰማሽ ነው የሚሻለው?”

የሚቀጥለው መታጠፊያ ሲደርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንደሚያፍር ሰው፣ “እማ?” አለች። “አቤት!” አልኳት። ዞረች።

ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ሆነ። እየቆየ ማፈሯ ቀረ። እኔ በጸሎቴ ቀን ከሌሊት አቤት ጌታዬ እላለሁ፤ ቃሉ ለአፌ አዲስ አይደለም። ለልጄ ስለው ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ። ወልጄ፣ አጥቤ፣ ቀጥቼ ያሳደግኳት ልጅ መንገዱን ታውቃለች፤ እኔ አላውቀውም። እሷ ትጠራለች፤ እኔ ተዘጋጅቻለሁ እላለሁ። ቅር አላለኝም። ትከሻዋ ቀና እያለ ሲሄድ በዓይኔ አየሁ።

ዳር ስንወጣ ሽማግሌው “ያ የምትጮኺው ቃል ምንድን ነው?” ብሎ አስጠየቀኝ። ልጄ “ስትጠሪኝ ሰምቻለሁ፣ እዚህ ነኝ፣ እዘዢኝ ማለት ነው” ብላ ተረጎመችለት። ሚስቱ ይህን ስትሰማ ባሏን ዞራ አየችው። “ይህን ቃል ተማር” አለችው።

የመጨረሻው ውድድር በኒቆዲሞስ ነበር። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ ስንወጣ የመኪና ማቆሚያው ዛፎች ሲጎነበሱ አየሁ። በመንገድ ወንበሩን ባቆሽሽባትም ልጄ አልተቆጣችኝም።

ውኃው ላይ ነጭ አረፋ ነበር። ከጥሩምባው በፊት ሁለት ጀልባዎች ትተው ወደ ዳር ተመለሱ። ልጄ ስትመለከታቸው አየሁ። ማንም አይታዘባትም ነበር። “እንመለስ” ብትለኝ እሺ ብዬ እመለስ ነበር። አላለችም። ሽማግሌዎቹ ከፊታችን ናቸው፤ ሚስትየዋ ስትጠራው “አቤት!” ሲል በነፋሱ መካከል ይሰማናል። ‘ቤ’ውን ይጎትተዋል። ልጄ ፈገግ አለች።

ጥሩ ጀመርን። እየተጠራራን ወጣን። የመዞሪያ ምልክት የሆነውን ብርቱካናማ ኳስ ዞረን ተመለስን፤ እንደገና ወጣን። የቀረን አንድ መታጠፊያ ብቻ ነበር። እሱን ከዞርን በኋላ ወደ ዳኞቹ ጀልባ ቀጥታ ነው። የምንሄደው ወደ ዳሩ ነው፤ ቀዩ አፈርና ድንጋዩ ይታየኛል።

ያኔ ትልቅ ነፋስ መጣ። ጀልባዋ በጎኗ ተኛች፤ ውኃ እግሬ ላይ ፈሰሰ። ልጄ ያዘቻት፤ ቀና አደረገቻት። ዘንጉ ግን ተርገፈገፈ፤ ሄዶ ሊመለስ እንደሚፈልግ ነገር። ዘወር ብዬ ሳያት ዓይኗ ከዘንጉ ላይ ተተክሏል። መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣዋለች።

ድንጋዩ ቀረበ። “ሬዲ” አላለችም። “እማ”ም አላለችም። እኔ መቼ መዞር እንዳለብን እንኳ በደንብ አላውቅም። ዙሪ ብዬ ማዘዝ አልችልም፤ ብችልም አላደርገውም ነበር፤ ያዘዝኳት እንደሆን የጨረስኩት እኔ ነኝ እንጂ እሷ አይደለችም። ገመዱን ከማሰሪያው ፈትቼ ያዝኩ። አንገቴን ደፋሁ።

“አቤት” አልኩ።

አልመለሰችም።

“አቤት!” አልኩ፤ ጮክ ብዬ።

“አልጠራሁሽም” አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር።

“አውቃለሁ። አቤት።”

ትንፋሿን ሰማሁት። ከዚያ፣ በዚያ መኪና ውስጥ ስለ ወንበሩ በምትቆጣኝ ድምፅ፣ “እማ! ሬዲ?” አለች።

“አቤት!”

ዞረች። ዘንጉ ከራሴ በላይ ነፋስ እየሰነጠቀ አለፈ። የያዝኩትን ለቀቅሁ፣ የለቀቅሁትን ሳብኩ። ድንጋዩ ከኋላችን ቀረ። ከፊት የቀረው የዳኞቹ ጀልባ ብቻ ነው። ልጄ ሳንደርስ ጨረስን እንዳትል ነው መሰለኝ ከንፈሯን ነክሳ ይዛለች።

ጥሩምባው ተነፋልን። ከኋላችን ሌሎች ጀልባዎች ገና ይመጡ ነበር። ልጄ ዘወር ብላ አየቻቸው፤ እንደገና አየቻቸው።

ዳር ደርሰን ሸራውን አወረድን። አብረን አጠፍነው፤ ይህ እንኳ ለእኔ ሥራዬ ነው፣ ጠርዙን ከጠርዙ አገጣጥሜ ሰጠኋት። እሷ ጀልባዋን አሰረች፤ ቋጠሮውን ሞከረች። ሽማግሌዎቹ መጥተው እጇን ጨበጡ። ሚስትየዋ እኔን አቀፈችኝ፤ እርጥብ ነበረች፣ እኔም እርጥብ ነበርኩ።

መኪና ውስጥ ማሞቂያውን ከፈተችልኝ። አውራ ጎዳናው ላይ ስንወጣ ስልኳ ጮኸ፤ ሊገዛ የመጣው ሰውዬ ነበር። አየችውና ገልብጣ አስቀመጠችው።

“ልሸጣት ነው ያልሽውስ?” አልኳት።

“ማንን?”

“ጀልባዋን።”

“የትኛዋን ጀልባ?” አለችና መስመር ቀየረች።

በልቤ ተመስገን እያልኩ ስለ ነበር ሌላ አልጠየቅኋትም።